ከሰዓት በኋላ ዕድሜ አይጠየቅም

እቴቴ ልታገባ ነው ብዬ ሰፈሩን ያዳረስኩት እኔ ነኝ። ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነገርኳት፣ ለጫማ ሰፊው ነገርኩት፣ ውሃ ሊቀዱ ለተሰለፉት ሴቶች ደግሞ ሙሽራው ሀብታም መሆኑን ጭምር ነገርኳቸው። እቴቴ የምላት አያቴን ነው፤ የእናቴን እናት። የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ሳቁን ዋጥ ያደርግና "እስቲ እግዜር ይርዳት" ብሎ ያልፋል። ለሠርግ እግዜር ይርዳት ለምን እንደሚባል አልገባኝም። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ብዙ ነገር አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሁሉም ገብቶኛል፤ ስለገባኝም ነው እስካሁን ደሜ የሚፈላው።

እናቴ ፀጉር ሠሪ ነበረች። የምንኖርባት ቤት የፊት ክፍል ሱቋ ናት፤ ከጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ከፍ ዝቅ ማለቱን ከተወ የቆየ ወንበር፣ ሲሞቅ የሚያጓራ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ቅርጫት ሙሉ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን። ቢጎዲኖቹን ከወለሉ መልቀም፣ ማጠብና በየቀለማቸው መለየት የኔ ሥራ ነበር። ክፍሏ ሁልጊዜ የፀጉር ቀለም ትሸታለች፤ ዓይን የሚያስነባ፣ አፍንጫ ላይ የሚቀር ሽታ። አሮጊቶች ነጭ ፀጉር ይዘው ይገባሉ፣ ጥቁር ፀጉር ይዘው ይወጣሉ። ሰው ሲያረጅ ያየሁት ውጭ ነው፤ እኛ ቤት ሰው የሚሄደው ወደ ኋላ ነበር።

አሮጊቶቹ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ "ሠርግ አለብኝ" ይላሉ። እናቴ የማን ሠርግ ብላ አትጠይቅም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ነው የምትጠይቀው። እኔም በልጅ ጭንቅላቴ ደመርኩና ሴቶቹ ፀጉራቸውን የሚያጠቁሩት ሊያገቡ ነው አልኩ። ከዚያ አንዳንዶቹ ከረሜላ ይዘውልኝ ይመለሳሉ፣ እናቴን አንገቷን አቅፈው ያለቅሳሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ አይመለሱም። ያልተመለሱት ባላቸው ቤት የገቡ ናቸው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚሄዱት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነው። እዚያ በር ላይ በሽተኛ የምትመድብ ነርስ ነበረች። ያኔ መታወቂያ የሚያይ የለም፤ የሚታየው ፀጉር ነው። ነጭ ከሆነ ግድግዳው ጋ ካለው አግዳሚ ላይ ታስቀምጠዋለች። የግድግዳው ሰዎች ማስታገሻ ይሰጣቸውና "ዕድሜ ነው እማማ፣ ዕድሜ ነው አባባ" ተብለው ይሸኛሉ። አልጋው፣ ማሽኑና ትልቁ ሐኪም የጥቁር ፀጉር ናቸው። ይህን የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ቢጻፍ እኮ ቢያንስ አንድ የሚያፍር ሰው ይገኝ ነበር። ሰፈሩ ግን ነቅቶበታል፤ ዘዴውንም ያገኘው እናቴ ሱቅ ውስጥ ነው።

ለማማር ብቻ ብለው የሚቀቡ አንዲት ደንበኛ ነበሩን። ልጃቸው ትልቅ ነጋዴ ነው። እኛ ሰፈር ድረስ የሚመጡት የእናቴ እጅ ቀለሙን ሲቀባ ራሳቸውን ስለማያቃጥላቸው ነው። አጎቴ "እትዬ ሽቶ" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ሽቷቸው ቀድሟቸው ይገባል። ደግ ሴት ነበሩ፣ ይህን አልክድም። ሲመጡ ለኔ ብስኩት አይረሱም። ፎጣው አንገታቸው ላይ ሲጣል፣ በግራ በኩል ከአንገት አጥንታቸው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳቸው ሥር የክብሪት ቀፎ የሚያክል ጠፍጣፋ እብጠት አየሁ። እንድነካው ፈቀዱልኝ። ጠንካራ ነው። "እኔን የሚያኖረኝ ይሄ ነው" አሉኝ ሳቅ ብለው። ሀብታሞች ወርቃቸውን ሌባ እንዳይወስድባቸው ከቆዳቸው ሥር እንደሚደብቁት ያን ዕለት ተረዳሁ።

ወርቅ አልነበረም፤ የልብ ምት የሚያስተካክል ባትሪ ነው። ልባቸው እየዘገየ ራሳቸውን መሳት ሲጀምሩ ልጃቸው ይዟቸው ሄደ፣ በዚያው ሳምንት ተገባላቸው፣ ተመልሰው መጥተው ፀጉራቸውን ተቀቡ። የሳቸው ታሪክ ከዚህ አያልፍም።

እቴቴ ጉልበቷን የጨረሰችው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ጽዳት ትሠራለች፣ ደወል ትደውላለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ በደወሉ ሰዓት እጇ ብድግ ይላል እያልን እንስቅባት ነበር። ያን ዓመት መውደቅ ጀመረች። ወሬ ጀምራ መሐሉ ላይ ዝም ትላለች፣ ዓይኗ ይገለበጣል፣ ባለችበት ትዘረጋለች። ትንሽ ቆይታ ትነሳና "ምን እያልኩ ነበር?" ትላለች። እኔ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ከጎኗ እጋደምና እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ማን ቀድሞ ይነሳል እያልኩ። እናቴ ግን የያዘችውን ፀጉር ጥላ ትሮጥና ጆሮዋን የእቴቴ ደረት ላይ ትለጥፋለች። ደንበኛዋ ግማሽ ራሷ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ትቀራለች።

"ልቤ ሰነፍ ተማሪ ሆነችብኝ" ትለን ነበር እቴቴ። "ደወሉ ተደውሎ እንኳ አትነቃነቅም።"

የእትዬ ሽቶ በሽታ ነበር፤ ያው አንድ ዓይነት በሽታ። መጀመሪያ ነጭ ፀጉሯን እንደያዘች ወሰዷት። ግድግዳው ጋ ተቀመጠች፣ ዕድሜ ነው ተባለች፣ ማስታገሻ ተቀብላ መጣች። ከደጃፋችን ሳትገባ ወደቀች። እናቴ አንስታ አስገባቻት። ማታ ራት ከተበላ በኋላ አጎቴን አስጠራችው። አጎቴ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የአንድ ድርጅት ሹፌር፣ ነገር ሁሉ ቀልድ የሚሆንለት ሰው።

እኔ ቅርጫቴን ታቅፌ ቢጎዲን እለያለሁ፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው። ከስድሳ በላይ አይቀበሉም ሲል ሰማሁት አጎቴ። ሃምሳ ስምንት በይ አላት እቴቴን። ትልቁ ሰውዬ ራሱ ያይሻል፣ ካየሽ በኋላ ነው የሚወስነው። እናቴ ደግሞ ዕቃው በእርዳታ የመጣ እንደሆነ፣ ትንሽ እንደሆነ፣ ሳያልቅ መድረስ እንዳለባቸው ተናገረች። ልክ እትዬ ሽቶ እንዳላቸው ነው የሚያደርጉልሽ አለች፣ እጇን ከአንገቷ ሥር አድርጋ። በቃ፣ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ትልቁ ሰውዬ የተባለው ሙሽራው ነው። ዕቃው ወርቁ ነው። እቴቴ ግን ልቧ አልቆረጠም ነበር።

"በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?" አለች።

"እማዬ፣ ዕድሜ እንዲጨመርልሽ ከፈለግሽ ዕድሜ ቀንሺ" አላት አጎቴ። እናቴ እንኳ ሳቀች።

እናቴ በሕይወቷ እንደዚያ ተጠንቅቃ ስትቀባ አላየሁም። ሥር ሥሩን በቀጭን ብሩሽ፣ ቅንድቡን በክብሪት እንጨት። ከጆሮዋ ኋላ የቀረ የቀለም ምልክት እንዳይኖር በጥጥ እየጠረገች ታየዋለች፣ ደግሞ ትጠርገዋለች። ካስኩ ሥር አስቀመጠቻት፣ አደረቀቻት፣ ጠቀለለቻት፣ ፈታቻት። እቴቴ መስታወቱን አየችና "ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ" አለች። "አንቺን ስወልድ እዚያው ነበረች።" እናቴ ፊቷን አዙራ ብሩሽ ማጠብ ጀመረች።

ነገሩን የሰሙት እትዬ ሽቶ በማግስቱ ቀሚስና ጫማ ይዘው መጡ። ቀሚሱ የራሳቸው ነው፣ ሐር ነው፣ ሲነኩት ከእጅ ያመልጣል። ጫማው አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ከሽቷቸውም አንገቷ ላይና እጅጌዋ ላይ ረጩላት። ሐኪሞች የለበሰ ሰው ያከብራሉ፣ ባለፈው ጊዜ ያላዩሽ ይሄን የተቀደደ ጫማ አድርገሽ ስለሄድሽ ይሆናል አሏት። ልጄንም አናግረዋለሁ፣ አንድ ነገር ያደርግላችኋል አሉ። ውሸታቸውን አልነበረም። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ሐኪም የለበሰ ሰው ያከብራል። እናቴም አመነቻቸው፤ ሥራዋ ሰው ማሳመር ነዋ፣ ማማር ይጎዳል ብላ በምን ታስብ።

እቴቴ ግን ጫማውን እያየች "የሰው ወርቅ አያደምቅ" አለች። ግን አደረገችው። የራሷን ጫማ፣ እግሯ ሲያብጥባት በምላጭ ጎኑን የቀደደችውን አሮጌ ጫማ፣ አውልቃ ከወንበሩ ሥር ገፋችው።

ሰፈሩን ያዳረስኩት እንግዲህ ያን ቀን ነው።

ጠዋት አጎቴ የአለቃውን መኪና አጥቦ፣ አስፈቅዶ ይሁን ሳያስፈቅድ እንጃ፣ በር ላይ አቆመ። የሙሽራ መኪና። እኔን የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋ አብሬ ሄድኩ። እናቴ መንገድ ላይ ሁለት ትከሻዬን ይዛ፣ እዚያ ስንደርስ እቴቴን እቴቴ ብለሽ እንዳትጠሪያት፣ ጭራሽ እንዳትናገሪ አለችኝ። አሮጊት መሆኗን ሙሽራው እንዳያውቅ ነው አልኩ በልቤ። ሚስጥር መጠበቅ እወድ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ ገባሁ።

ነርሷ ቀና ብላ አላየችም ማለት ይቻላል። ዓይኗ እቴቴ ፀጉር ላይ አረፈ፣ እጇ ወደ ውስጥ ጠቆመ። አለፍን። ግድግዳው ጋ ነጫጮቹ ተደርድረዋል፤ አንዱ ያቃስታል፣ አንዷ ሸራ ቦርሳዋን ታቅፋ ታንቀላፋለች። ያልተጠሩ ናቸው አልኩ፣ አሳዘኑኝም። አንድ ሽማግሌ የእቴቴን ፀጉር አዩና፣ ከዚያ እኔን አዩና፣ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ባርኔጣቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉት። ከሥሩ የወጣው ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነበር።

ሙሽራውን ሳየው ግን ደነገጥኩ። ከእናቴ አይበልጥም። ይሄስ ለእናቴ ነው የሚሆነው ብዬ አኮረፍኩ። እቴቴን አስቀመጣት፣ እጇን ያዘና ሰዓቱን እያየ ቆየ። የጆሮ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረገ። እቴቴ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች፣ ታፍራለች። ዕድሜዋን ጠየቃት። "ሃምሳ ስምንት" አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነብኝ። እሱ እጆቿን አየ፤ የመጥረጊያ እጀታና የደወል ገመድ የፈጀውን እጅ። ከዚያ ጻፈ። ሽቦ ደረቷ ላይ ለጥፈው ማሽኑ ረጅም ወረቀት ሲተፋ አየሁ፤ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ዛሬ ነገ መባል የለበትም፣ ዕቃው ቶሎ ይግባላት አለ። እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ፣ እስኪያመኝ ድረስ። ወደዳት ማለት ነው አልኩ።

ዕቃውን የሚሰጠው ግን እሱ አይደለም። በኮሪደሩ መጨረሻ የእርዳታ ክፍል የሚባል አለ፤ እዚያ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ጫማውን አየች። ቀሚሱን አየች። አየሩን ሳብ አድርጋ አሸተተች። በመስኮቱ አሻግራ ደግሞ አጎቴን አየችው፣ የአለቃውን መኪና ተደግፎ።

"ይሄ የመጣው ለአቅመ ደካሞች ነው" አለች። "እናንተ ደግሞ ተመስገን፣ ይታያል።"

እናቴ ልብሱ የሰው ነው አለቻት፣ መኪናውም የሰው ነው። ሴትዮዋ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው አለች፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ እንደለመደችው። ታዲያ ለሐኪም ቤት የሰው ሐር ምን አስዋሳችሁ ብላ ጠየቀች።  እናቴ ምን ትበል? እቴቴ ለምን እንደተዋበች ከተናገረች ዕድሜዋ ሊወጣ ነው፤ ዕድሜዋ ከወጣ ቦታዋ ግድግዳው ጋ ነው። ካልተናገረች ሀብታም ናት። በዚህ ቢሏት በዚያ መውጫ የለም። ያን ጊዜ እናቴ ከማውቃት ሁሉ አጥራ ታየችኝ።

እቴቴ ናት የተንቀሳቀሰችው። ጎንበስ ብላ ጫማዎቹን አንድ በአንድ አወለቀችና ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ እግሯን ዘረጋች፤ ተረከዙ በየአቅጣጫው የተሰነጠቀ፣ ያበጠ እግር።

"ልጄ፣ ጫማው የሰው ነው" አለች። "እግሩ ግን የኔ ነው። እስቲ እሱን እይልኝ።"

ሴትዮዋ አየች። ምስክር ነኝ፣ አየች። ከዚያ "ጫማዎን ያድርጉ እማማ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል" አለች፣ ቀጣዩንም ጠራች።

የሙሽራው እህት መስላኝ ነበር፤ ወንድሟን ለእቴቴ የነፈገች። ወጥተን ስንሄድ ምላሴን አወጣሁባት። የገባኝ ሁሉ ስህተት ነበር፣ ንዴቴ ግን በትክክለኛው ሰው ላይ ነበር። ዛሬም ባገኛት ያንኑ አደርጋለሁ።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ደረሰብን። ምን እንዳሉን ሰምቷል። እናቴ ክንዱን ያዘችው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው አያፍርም። እውነቱን ልንገርህ ዶክተር፣ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፀጉሯን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ሀብታም አይደለንም፣ ድሆች ነን አለችው። እሱ ወዲያ ወዲህ አየ።

"አውቃለሁ" አላት። "እጃቸውን አይቻለሁ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከሰዓት በኋላ ይዘሻቸው ነይ። በክፍያው በኩል እኔው ነኝ የምሠራው፤ እዚሁ፣ በዚሁ ማሽን። በዚህ ሳምንት አስገባላቸዋለሁ።"

"ዕድሜዋስ?"

"ከሰዓት በኋላ ዕድሜ አይጠየቅም።"

ሊያጽናናት ብሎ ነው የተናገረው። ይህን ዓረፍተ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሳልውጠው ይዤዋለሁ። ያው ሰውዬ፣ ያው እጅ፣ ያው አልጋ። ጠዋት ስድሳ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልብ ከምሳ በኋላ ዕድሜ የላትም፤ ገንዘብ ካላት። ዋጋውን ሲነግራት እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ቤታችን ያለውን ሁሉ፣ ካስኩንም ወንበሩንም፣ እኛንም ጨምሮ ቢሸጥ የሚሞላ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ድሃ መሆኗን ለማስመስከር መዞር ጀመረች። ድሃ መሆናችንን ጣሪያችን ይመሰክር ነበር፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር። እሱ አይበቃም፤ ለእርዳታ ክፍሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካታል፣ ሌላው ኃላፊው ስብሰባ ነው ይላታል። ሱቁ ተዘግቶ ይውላል። እትዬ ሽቶን አስታወሰቻቸው፤ "ውይ፣ ልጄ እኮ ወደ ውጭ ወጣ ብሏል፣ ሲመለስ" አሉ። ተመልሶ እንደሆነ አላወቅንም። እቴቴ እየደጋገማት ትወድቃለች። ፀጉሯ እያደገ ሥሩ መንጣት ሲጀምር እናቴ ልትቀባት ብሩሹን አነሳች፤ እቴቴ ቀጠሮው ሲቆረጥ አንድ ጊዜ ትቀቢኛለሽ፣ ቀለም አታባክኚ አለቻት። እኔ ደግሞ ሙሽራው ለምን እንደዘገየ በየቀኑ እጠይቃለሁ። "መንገድ ላይ ነው" ትለኝ ነበር እቴቴ። "መንገዱ ረጅም ሆኖበት ነው።"

ጠዋት ነበር። እናቴ ማኅተሙ ዛሬ አይቀርም ብለዋት በሌሊት ወጥታለች። እቴቴ ወንበሩ ላይ፣ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ፣ ፀጉሬን ትንሽ አበጥሪልኝ አለችኝ። ቢጎዲን ልጠቅልልልሽ አልኳት። ጠቅልይልኝ፣ ምን ይጎዳል አለች። በርጩማ ላይ ቆምኩ። ስለ ደወሏ ወሬ ጀመረችልኝ፤ አንድ ቀን ልጆች ገመዱን ደብቀውባት እንዴት በድስት ክዳን እየቀጠቀጠች እንደጠራቻቸው። መሐሉ ላይ አቆመች። ጨዋታችን ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ራሷ ወደ ጎን ዘንበል ስላለ ለሥራዬ ተመቸኝ። ቀዩን ከፊት፣ ቢጫውን ከጎን፣ ሰማያዊውን ከኋላ፣ እናቴ እንደምታደርገው አስተካክዬ፣ አንድም ሳላስቀር ጠቀለልኩላት።

እናቴ ወረቀቱን ይዛ ገባች። ማኅተም አለበት፣ እየሳቀች ነው፣ ላቧ ይወርዳል። ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩና "ቀስ በይ፣ ተኝታለች" አልኳት።

ጎረቤቶች ሲገቡ እናቴ ማንንም አላስነካችም። ቢጎዲኖቹን ራሷ ፈታቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ ፀጉር እንዳይነቀል ተጠንቅቃ። እያንዳንዱ ሲፈታ ከሥሩ ነጭ ይታያል። ጥቁሩ ከላይ፣ ነጩ ከሥር፣ ወፍራም መስመር ሆኖ። ያ ነጭ መስመር ከእርዳታ ክፍሏ ሴትዮ ጀምሮ እስከዚያ ጠዋት ያደገ ነው። ማንም ሐኪም ባይጽፈውም እቴቴ ምን ያህል እንደጠበቀች ራሷ ላይ ይታይ ነበር። እናቴ በጣቷ ደጋግማ ዳበሰችውና ከዚያ ጮኸች። ለኔ ሠርጉ የቀረው ያኔ ነው።

ከሐዘኑ በኋላ ሱቁ ሲከፈት መጀመሪያ የመጡት እትዬ ሽቶ ናቸው። አልቅሰዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ቢሆንም የፀጉራቸው ሥር ነጥቶባቸዋል፣ ተቀመጡ። እናቴ ፎጣውን አንገታቸው ላይ ጣለች፣ ያን እብጠት ሸፈነችው፣ ቀለሙን በጠበጠች። ግማሽ ራሳቸውን እንደቀባች እትዬ ሽቶ ተነፈሱ።

"ነፍሷን ይማር። መቼም ዕድሜ ጠግባ ነው የሄደችው።"

ብሩሹ ቆመ። "እትዬ፣ እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?" አለች እናቴ።

"ሰባ ሁለት። ለሰው እንዳታወሪ" አሉ ሳቅ ብለው።

"እናቴ ስድሳ ዘጠኝ ነበረች።"

እትዬ ሽቶ በመስታወቱ ውስጥ እናቴን አዩዋት።  እናቴ ብሩሹን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፣ ፎጣውን አነሳችላቸው፣ ቀሚሳቸውንና ጫማቸውን በላስቲክ አድርጋ ጭናቸው ላይ አኖረች። የዛሬው እዚህ ድረስ ነው አለቻቸው። ግማሽ ራሳቸው በቀለም ተለውሶ፣ ግማሹ ነጭ እንደሆነ፣ ሻሽ ጣል አድርገው ወጡ። ተመልሰው አልመጡም። አጎቴ እንጀራሽን በእጅሽ ገፋሽ ብሎ ተቆጣት። እሳቸው ምን አደረጉ፣ ልብስ አዋሱ እንጂ አላት። እውነቱን ነው፣ ልብስ ነው ያዋሱት። 

አሁን ወንበሩ የኔ ነው። አዲስ መስታወት አስገብቻለሁ፣ ካስኩንም ቀይሬዋለሁ። ሆስፒታሉም ቀለም ተቀብቷል፤ እኔው እንደምቀባቸው አሮጊቶች ከውጭ አምሮበታል፣ ግድግዳው ጋ ያለው አግዳሚ ግን እዚያው ነው፣ የከሰዓት በኋላውም በር እዚያው ነው። ዘንድሮ አንዳንዴ መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ ጠፋብኝ ይበሉ እላቸዋለሁ። አሮጊቶቹም አሁንም ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ሠርግ አለብኝ ነው የሚሉት። እኔም የማን ብዬ አልጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጡ። ቀስ ብለው ነው የሚተነፍሱት። ቀባኋቸው፣ ቅንድባቸውን ሳይቀር፣ ከጆሯቸው ኋላ በጥጥ ጠረግኩላቸው። ሊወጡ ሲነሱ አየኋቸው፤ ልጃቸው ለቀጠሮው ብላ አዲስ ጫማ ገዝታላቸዋለች። መልሼ አስቀመጥኳቸውና አወለቅኩት። ከወንበሩ ሥር ያንን ጎኑ በምላጭ የተቀደደ ጫማ አወጣሁና ተንበርክኬ አጠለቅኩላቸው።

"ይሄማ የተቀደደ ነው ልጄ" አሉ። "ሰው ምን ይለኛል?"

"ድሃ ይበልዎት እማማ" አልኳቸው። "አያቴ ይሄን ጫማ ቤት ትታ ነው ሆስፒታል የሄደችው።"